የሕዝብ ድምፅ በካርታ ላይ

 

ፊደል ለየን። ቁጥርም ማንበብ ጀመርን። ፊደል የቆጠረ ሰው ከሚያነባቸው ነገሮች አንዱ ካርታ ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ዓይነት ካርታ ነው። ምርጫ ሲደረግ፣ ወይም ሕዝበ ውሳኔ ሲሰጥ፣ ውጤቱ በካርታ ላይ በቀለም ይቀባል። ይህ ወገን ያሸነፈበት አገር ቀይ፣ ያኛው ያሸነፈበት ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። ሰውም ካርታውን አይቶ «አገሩ እንዲህ አለ» ብሎ ይሄዳል። አገሩ በእርግጥ እንዲያ ብሏል ወይ? ይህን ነው የምናየው።

ሬዲዮ ሥዕል አያሳይም። ስለዚህ ሥዕሉን እናንተው ታዘጋጃላችሁ። ጭራሮ ያዙ። አንድ እፍኝ ባቄላና አንድ እፍኝ ሽምብራ አምጡ። ከደጃፍ ወይም ከመደቡ አጠገብ መሬቱን ጠርጋችሁ ተቀመጡ። ዶሮዎቹን ግን አርቁ፤ ካርታችንን ይለቅሙብናል።

መጀመሪያ ትልቅ ክብ ሥሩ። ይህ ኢትዮጵያ ነው እንበል። በስተምሥራቅ በኩል እንደ በሬ ቀንድ ወጣ ያለ ሰፊ ቦታ አስምሩ። ይህ የሶማሌ ክልል ነው። አሁን በክቡ መካከል በጭራሮው ጫፍ አንድ ነጥብ ብቻ ንኩ። ይህ አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ስፋቷ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የሶማሌ ክልል ግን ከ250,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ400 ጊዜ በላይ ይበልጣታል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ ነበረው። ከዚህ ውስጥ የሶማሌ ክልል ድርሻ 23 ነበር። የአዲስ አበባስ ስንት ይመስላችኋል? እሷም 23! እንግዲህ 23 ባቄላ ቁጠሩና በሶማሌ ክልል ላይ በትኑ። ሌላ 23 ባቄላ ቁጠሩና በነጥቧ ላይ አስቀምጡ። አልበቃ አላችሁ አይደል? ተቆለለ። ካርታ የሚቀባ ሰው ግን ባቄላውን አይቆጥርም፤ መሬቱን ነው የሚቀባው። ስለዚህ በካርታው ላይ ያንደኛው 23 ሰፊ ሜዳ ሆኖ ይታያል፣ የሌላው 23 ደግሞ ዝንብ ያረፈበት ያህል እንኳ አይታይም።

ይህን ነገር ወደ ራሳችን አገር እናምጣው። የቀድሞው የሰሜን ጎንደር ዞን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 2,929,628 ሰዎች ነበሩት። ስፋቱ ወደ 46,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ለ50,000 ሰው አንድ ሽምብራ እናድርግ። 59 ሽምብራ ያህል ይሆናል። ከእነዚህ 4ቱ በጎንደር ከተማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከተማዋ በዚያ ቆጠራ 207,044 ሰዎች ነበሯትና። የቀሩትን አብዛኞቹን ወደ ደጋው ውሰዱ። በደባርቅ፣ በዳባት፣ በወገራ፣ በጃናሞራ መሬቱ ጠባብና ገደላማ ነው፤ ሰው ግን ጎን ለጎን ነው የሰፈረው። ወደ ቆላው፣ ወደ መተማና ወደ ቋራ ስትወርዱ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሽምብራው ግን ይሳሳል። ቆላው አንድ ቀለም ቢሆን፣ ደጋው ሌላ ቀለም ቢሆን፣ ካርታውን ከሩቅ የሚያይ ሰው «ዞኑ የቆላውን ቀለም ነው የመረጠ» ይላል። ተሳስቷል። ያየው ሰሊጥና ጥጥ የሚዘራበትን ሜዳ ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ምርጫ በአገራችን መቼ ተጀመረ? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ሕዝቡ እንደራሴዎችን እንዲመርጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። 21 ዓመት የሞላው ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መምረጥ ይችል ነበር። ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያ ምርጫ አሸንፈው ምክር ቤት ገቡ።

ሕገ መንግሥቱ አገሩ በምርጫ ክልል እንዲከፈል፣ በያንዳንዱ ክልል 200,000 ያህል ሰው እንዲኖር፣ ከያንዳንዱም ሁለት እንደራሴ እንዲመረጥ ያዝዝ ነበር። ጥሩ ነው። ግን 200,000ውን ማን ቆጠረው? በመላው አገር የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው ከስንት ዘመን በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. ነው! የምርጫ ክልሉ በግምት ነበር የተከለለው ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይቀርባል፣ በራሱ ስም ይመረጣል። ስለዚህ የ1950ው ምርጫ በቀለም ካርታ ይሣል ቢባል፣ ቀለም የሚሆን ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ የድምፅ ቀን የደርግ ጊዜ ነው። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ረቂቁ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ቀረበ። ይህ ምርጫ አይደለም፤ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ምርጫ ሲባል ሰው ይመረጣል። ሕዝበ ውሳኔ ሲባል ግን አንድ ጥያቄ ይቀርብና ሕዝቡ እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም ይላል። በዚያን ቀን 81 በመቶው ተቀብሏል ተባለ። በመቶ ማለት፣ እንደምታስታውሱት፣ ከመቶ ሰው ስንቱ ማለት ነው። ስለዚህ ከመቶ ሰው 81ዱ «እቀበላለሁ» አለ፣ 18 ያህሉ «አልቀበልም» አለ፣ የቀረው ተበላሸ ማለት ነው። ሕዝቡ በዚያን ጊዜ ምን ያህል በነፃነት ድምፁን እንደሰጠ እድሜያችሁ የደረሰ ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ የምላችሁ ሌላ ነው። 81 ለመላው አገር የተነገረ አንድ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ ብቻ ተነሥቶ ካርታ የሚሠራ ሰው አገሩን በሙሉ አንድ ቀለም ይቀባዋል። ያ 18 የት የት እንደነበር ከዚያ ቀለም ውስጥ አይገኝም።

በዚያው ጊዜ ካርታው ራሱ ተለወጠ። ጠቅላይ ግዛታችን በንጉሡ ዘመን በጌምድርና ሰሜን ይባል ነበር። በደርግ ጊዜ ጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ። በ1980 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ሰሜን ጎንደርና ደቡብ ጎንደር ተባለ። ከ1983 በኋላ ሰሜን ጎንደር ዞን ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ዞን ለሦስት ተከፈለ፤ ሰሜን ጎንደር ዋና ከተማው ደባርቅ፣ ማዕከላዊ ጎንደር ዋና ከተማው ጎንደር፣ ምዕራብ ጎንደር ዋና ከተማው ገንዳ ውኃ። የወገራው ገበሬ እርሻውን ሳይለቅ፣ ጎጆውንም ሳይነቅል፣ ስንት ጊዜ አድራሻው ተለወጠ! ስለዚህ የ1997ን ካርታና የ2013ን ካርታ ጎን ለጎን አድርጎ «ሰሜን ጎንደር እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የትኛውን ሰሜን ጎንደር እንደሚል ጠይቁት። ስሙ አንድ ነው፤ አገሩ ግን አንድ አይደለም።

የ1997ን ካነሣን እንቀጥል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተደረገ። ከዚያ በፊት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ክርክር ነበር፤ ሰው ሥራውን እያቆመ ያዳምጥ ነበር። በይፋ በተነገረው ውጤት ከ547 መቀመጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ፤ የቀረው ለሌሎች ሆነ። አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም ቅንጅት ወሰደ። እንግዲህ ያን 23 ባቄላ አስታውሱ። በካርታው ላይ ዝንብ ያህል ነጥብ ናት። ውጤቱ አከራከረ፤ ረብሻ ተነሣ፤ ሰው ሞተ። ነገሩን ለማጣራት ከተሾሙት ሰዎች መካከል በኋላ በይፋ የተናገሩት፣ የተገደሉት ሲቪሎች 193 መሆናቸውን ገለጹ።

ከአምስት ዓመት በኋላ በ2002 ዓ.ም. እንደገና ምርጫ ሆነ። አሁን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545 ወሰዱ። የ1997ው ካርታ ዝንጉርጉር ነበር፤ የ2002ቱ ካርታ ባንድ ቀለም የተነከረ ጨርቅ ሆነ። ይህ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ልቡን ለወጠ? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እስራቱም፣ ፍርሃቱም፣ የተቃዋሚዎቹ መከፋፈልም አለበት። ዳሩ ግን አንዱ ምክንያት የቆጠራው ደንብ ነው። ይህን በባቄላና በሽምብራ እንየው።

አንድ የምርጫ ክልል እንሥራ። ለምሳሌ ነው እንጂ በእውነት የሆነ ቁጥር አይደለም። 10 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። 6 ባቄላ፣ 4 ሽምብራ። በእኛ አገር ደንብ አንድ ድምፅ የበለጠ ሰው መቀመጫውን ይወስዳል። ስለዚህ ይህ ክልል የባቄላ ሆነ። አሁን ጎኑ ሌላ ክልል ሥሩ፤ እዚያም 6 ባቄላ፣ 4 ሽምብራ። ሦስተኛም ሥሩ፤ እንዲሁ። ሦስቱም ክልል የባቄላ ሆነ። ካርታው በሙሉ ባቄላ ነው። ሽምብራ ግን ስንት ነው? ቁጠሩት እስቲ። 12! ከ30ው 12ቱ ሽምብራ ነበር፤ በካርታው ላይ ግን አንድም የለም። በ2002 አዲስ አበባ ላይ የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ተቃዋሚዎችን የመረጠው ሰው ጥቂት አልነበረም፤ ከ23ቱ መቀመጫ ግን ያገኙት 1 ብቻ ነው።

ሰው ሲመረጥ ይህ ነገር ቢያንስ በአምስት ዓመቱ ይታረማል፤ ዛሬ ሽምብራ የሆነው ነገ ባቄላ ሊሆን ይችላል። ሕዝበ ውሳኔ ግን ሌላ ነው። በሕዝበ ውሳኔ ድንበር ከተሠመረ፣ መሥመሩ እንዲህ በቀላሉ አይነሣም። ስለዚህ አሁን ወደ ራሳችን ደጃፍ እንምጣ። ይህ ነገር ሰው የሞተበት ነውና በጥንቃቄ ነው የምንናገረው።

የቅማንት ሕዝብ በጭልጋ፣ በላይ አርማጭሆ፣ በጎንደር ዙሪያና በሌሎችም ወረዳዎች ከጥንት ጀምሮ የሚኖር ሕዝብ ነው። ቋንቋው ከአገው ቋንቋዎች ወገን ነው። የቀድሞ ሃይማኖቱ ሕገ ልቦና ይባላል፤ መሪዎቹም ወምበር ይባላሉ። ከብዙ ዘመን ጀምሮ ግን አብዛኛው በአማርኛ ይናገራል፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳል፣ ከአማራው ጋር ይጋባል፣ በአንድ ዕድርና በአንድ ማኅበር ይጠጣል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ነን ብለው ተመዘገቡ። ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ግን 1,650 ብቻ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ ለቅማንት የተለየ መመዝገቢያ አልነበረም። በዚህኛው ቆጠራ የብሔረሰብ ካርታ የሚሥል ሰው ቅማንትን በየትም አያገኝም። ሕዝቡ ጠፍቶ ነው? አይደለም፤ ጥያቄው ስላልተጠየቀ ነው። ይህ ብዙ ሰው አስቆጣ።

ራስን የማስተዳደር ጥያቄው በረታ። በ2007 ዓ.ም. የአማራ ክልል ምክር ቤት ለ42 ቀበሌዎች የቅማንት አስተዳደር እንዲሆኑ ፈቀደ። ጥያቄ ያነሡት ግን ሌሎችም ቀበሌዎች ይገቡናል አሉ። የክርክሩ አንዱ ነጥብ ኩታ ገጠምነት ነበር፤ ቀበሌዎቹ እንደ ጎረቤት ማሳ የተያያዙ መሆን አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚል። መካከሉ ላይ ግጭት ሆነ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻ በአንዳንድ ቀበሌዎች ሕዝቡ ራሱ ይወስን ተባለ። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሕዝበ ውሳኔውን አካሄደ። ዘመን መለወጫ ባለፈ በሳምንቱ፣ አደዩ ገና ሳይረግፍ ማለት ነው።

መጀመሪያ የታሰቡት ቀበሌዎች 12 ነበሩ። ድምፅ የተሰጠው በ8ቱ ነው። በ7ቱ ቀበሌዎች ብዙው ሰው በነበረው አስተዳደር መቆየትን መረጠ። በአንዷ፣ በኳቤር ሎምየ፣ ብዙው ሰው የቅማንት አስተዳደርን መረጠ። በ4ቱ ቀበሌዎች ድምፅ አልተሰጠም።

አሁን መሬቱ ላይ 12 ትንንሽ ክቦች ሥሩ። በ7ቱ ላይ ባቄላ፣ በ1ዱ ላይ ሽምብራ አስቀምጡ። 4ቱን ባዶ ተዉአቸው። የሕዝበ ውሳኔው ካርታ ይኸው ነው። እስቲ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት።

ባቄላ ባረፈበት ክብ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባቄላ ነው? አይደለም። እዚያም ሌላውን የመረጠ አለ። ሽምብራ ባረፈባት ቀበሌም እንዲሁ ነው። በማግስቱም ሁለቱም በአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፣ በአንድ ወፍጮ ቤት ይሰለፋሉ። ባል አንዱን፣ ሚስት ሌላውን መርጠው ሊሆን ይችላል። ድምፁ በምስጢር ነውና ማን ያውቃል? ካርታው ግን ሁሉንም አንድ ቀለም ቀብቶ «ይህ የእነሱ ነው፣ ያ የእኛ ነው» የሚል ሰው ያስነሣል። በዚህ አስተሳሰብ ነው፣ ቀለሙ ያልመሰለው ጎረቤት እንግዳ የሚሆነው።

ደግሞ ቀበሌ ራሱ ምንድን ነው? ከየት መጣ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ገበሬው በማኅበር እንዲደራጅ ታዘዘ። አንድ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ መሬት እንዲይዝ ተባለ። 20 ጋሻ 800 ሄክታር ያህል ነው። የዛሬው የገጠር ቀበሌ በአብዛኛው የዚያ የገበሬ ማኅበር ልጅ ነው፤ ኋላ ሁለቱም ሦስቱም እየተቀላቀሉ ሰፉ እንጂ። እንግዲህ አስተውሉ። መሥመሩ በመጀመሪያ የተሠመረው መሬት ለማከፋፈል ነው። የማንን ዘር ከማን ለመለየት አልነበረም። ከ40 ዓመት በኋላ ግን ያው መሥመር «እናንተ ወዲህ፣ እናንተ ወዲያ» ለማለት ዋለ። እኔ እንደሚመስለኝ የችግሩ አንድ ሥር እዚህ ላይ ነው። ለእርሻ የተለካ ገመድ ሰውን ለመለየት ሲውል እሾህ ይሆናል።

በሌላ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቃል? ደርሷል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1912 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት፣ በዴንማርክና በጀርመን መካከል ያለ ሽሌስቪግ የሚባል አገር ሕዝበ ውሳኔ ሰጠ። ጥያቄው «ለዴንማርክ ወይስ ለጀርመን?» የሚል ነበር። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። የሰሜኑ ክፍል ድምፁ ባንድ ላይ እንዲደመር ተወሰነ። የደቡቡ ክፍል ግን ቀበሌ በቀበሌ እንዲቆጠር ተወሰነ። በሰሜኑ ከመቶ ሰው 75 ያህሉ ዴንማርክን መረጠ፤ ስለዚህ የሰሜኑ ክፍል በሙሉ የዴንማርክ ሆነ። በደቡቡ ከመቶ 80 ያህሉ ጀርመንን መረጠ፤ የጀርመን ሆኖ ቀረ። በሰሜኑ ክፍል ውስጥ ግን ቶንደር የምትባል ከተማ ነበረች። የከተማዋ ሰው አብዛኛው ጀርመንን ነበር የመረጠ። ድምፁ ከሌላው ጋር ተደምሮ ስለተቆጠረ ወደ ዴንማርክ ገባች። ቀበሌ በቀበሌ ቢቆጠር ኖሮ ሌላ ካርታ ይወጣ ነበር። ሰዉ ያው ሰው ነው፣ ድምፁም ያው ድምፅ ነው፤ የተለወጠው የቆጠራው መደብ ነው።

ይህን ወደ እኛው 8 ቀበሌዎች መልሱት። የተቆጠረው ቀበሌ በቀበሌ ነው። 8ቱ ባንድ ላይ ተደምረው ቢሆን ኖሮ፣ የኳቤር ሎምየ ምርጫ በ7ቱ ውስጥ ሊሰጥም ይችል ነበር። ወይም ደግሞ ከቀበሌ ወርዶ ጎጥ በጎጥ ቢቆጠር፣ አንድ የምትመስለው ቀበሌ ዝንጉርጉር ሆና ትገኝ ነበር። ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው? በስሌት የሚገኝ መልስ የለውም። አስቀድሞ ሁለቱም ወገን የሚስማማበት ጉዳይ ነው። በሽሌስቪግ መሥመሩ እስከ ዛሬ አለ። በወዲህም በወዲያም በተሳሳተው ጎን ቀረን ያሉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በዴንማርክ በኩል የጀርመን ትምህርት ቤት አለ፣ በጀርመን በኩልም የዴንማርክ ትምህርት ቤት አለ። ይህ ግን ባንድ ጊዜ የሆነ አይደለም፤ በመካከሉ ሌላ የዓለም ጦርነት አልፏል።

በእኛ ዘንድ ከ2010ሩ ድምፅ በኋላ ሰላም ወዲያው አልመጣም። በ2011ም በ2012ም በጎንደር አካባቢ፣ በጭልጋና በመተማ በኩል ግጭት ሆነ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ። የጎንደርና የመተማ መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ነበር። ከሞቱት አማራም አለ፣ ቅማንትም አለ። የተፈናቀለው ሰው በካርታ ላይ እንዴት ይታያል? አይታይም። ካርታው የተሣለው በመስከረም 7 ነው፤ ሰውየው ደግሞ ከዚያ በኋላ ልጆቹን ይዞ ሌላ ቦታ ተጠልሏል። ቀለሙ እዚያ፣ ሰውየው እዚህ።

አሁን ስለ አራቱ ባዶ ክቦች እንነጋገር። አንዳንድ ሰው ባዶውን ሲያይ «አልፈለጉም ማለት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዝም ያለ የተስማማ ነው» ይላል። ሁለቱም አላወቁም። ድምፅ ያልተሰጠበት ቦታ አዎንም አይደለም፣ አይደለምንም አይደለም። በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫም እንዲህ ሆኗል። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ዙር የታወቀው የ436 መቀመጫ ውጤት ነው፤ ከዚህ 410ሩን ብልጽግና አሸነፈ። 410 ከ436 ሲባል ካርታው ባንድ ቀለም የተሞላ ይመስላል። ግን መቀመጫው 547 አልነበረም እንዴ? 547 ሲቀነስ 436 ስንት ይቀራል? 111። በትግራይ ጦርነት ነበረ፤ የትግራይ 38 መቀመጫዎች ባዶ ቀሩ። በሌሎች ቦታዎችም፣ በእኛው ክልል ጭምር፣ በፀጥታ ምክንያት ያልተመረጠባቸው ነበሩ። አንዳንዱ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ተመረጠ። በጥሩ ካርታ ላይ እነዚህ ቦታዎች በነጭ ወይም በግራጫ ይተዋሉ። በመጥፎ ካርታ ላይ ግን ለዓይን ደስ እንዲል የጎረቤቱን ቀለም ይቀቧቸዋል። ይህ ውሸት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ እንኳ ደስ የሚል ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማዎች ራሳቸውን የቻለ ክልል ለመሆን ሕዝበ ውሳኔ ሲሰጡ፣ በድምፅ መስጫው ላይ ሁለት ሥዕል ነበር። ክልል መሆንን የሚመርጥ ሰው ሻፌታ የሚባለውን የሲዳማ የምግብ ዕቃ፣ በነበረው መቆየትን የሚመርጥ ደግሞ ጎጆ ቤት ይመርጥ ነበር። ሥዕሉ የተደረገው ፊደል ላልለየው ሰው ነው። በምርጫም ንብ፣ አምፖል፣ ሚዛን፣ ሰዓት እያልን የምንመርጠው ለዚሁ ነው። በሲዳማ 98.51 በመቶው ሻፌታን መረጠ። እዚህ ላይ ቀለሙና ሰው ብዙም አይራራቁም፤ ከመቶ ሰው 98 አንድ ነገር ካለ፣ ካርታውን አንድ ቀለም የቀባ ሰው ብዙ አልዋሸም። ሆኖም ቀሪው አንድ ከምናምን ሰው እዚያው የሚኖር ሰው ነው።

እንግዲህ ፊደል የለየ ሰው ከሥዕሉ ሌላ የሚያነበው ምን አለ? ድምፅ ተሰጥቶ ኮሮጆው ከተከፈተ በኋላ፣ አስመራጮቹ በታዛቢዎች ፊት ይቆጥራሉ። ውጤቱን ጽፈው ይፈርማሉ። ያን ወረቀት በዚያው በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይለጥፋሉ። ሕጉ የሚያዘው ይህን ነው። ከዚያ ቁጥሩ ወደ ምርጫ ክልል ይሄዳል፣ እዚያ ይደመራል፣ ወደ ቦርዱ ይላካል፣ ኋላ ካርታ ይሆናል። ቁጥሩ እየተደመረ በሄደ ቁጥር ጎጡም፣ ቀበሌውም፣ አነስተኛው ወገንም እየተዋጠ ይሄዳል። በሩ ላይ ያለችው ወረቀት ግን ሁሉንም ይዛለች። እዚያ ላይ ያሸነፈውም ቁጥር አለ፣ የተሸነፈውም ቁጥር አለ፣ የተበላሸውም ድምፅ አለ።

እስከ ዛሬ ያቺን ወረቀት ሌላ ሰው ነበር የሚያነብላችሁ። ከእንግዲህ ግን ራሳችሁ ሄዳችሁ አንብቧት። ዝናብ ሳያጠፋት በደብተራችሁ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጧት።

ለመለማመጃ ያህል እነዚህን ቁጥሮች በደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ 12፣ 8፣ 7፣ 1፣ 4። ያለ ካርታ፣ በቃላችሁ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ጎናችሁ ለተቀመጠው ሰው ንገሩት። ጎናችሁ ያለው ሰው በሌላ መንገድ ከነገራችሁም አዳምጡት።

ባቄላውንና ሽምብራውን ለቅማችሁ ለእመቤቲቱ መልሱ። በደህና ሰንብቱ።